አውራ ጣት

ከስንዴው ጎተራ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ሱቅ አለችኝ ጠባብ፣ ጣሪያዋ በረዶ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ናስ ላይ አጎንብሼ፣
የሰው ልጅ ስም ቀረጽኩ፣ መነጽሬን አብሼ።
የቦውሊንግ ዋንጫ፣ የከብት ውድድር፣
የጡረታ ሰዓት፣ የአንድ ውሻ መቃብር።
በየዓመቱ ደግሞ፣ ክረምቱ ሲጋመስ፣
ከሉተራኖቹ ደብዳቤ ሲደርስ፣
«ለክርስቲያናዊ መሪነት፣ ለመልካም ጠባይ»
ብዬ እጽፋለሁ፣ ከተማሪው ስም በላይ።

እውነቱን ልናገር? አላምነውም ነበር።
ፊደል ናስ ይበሳል፣ ሰው ውስጥ ግን አይሰፍር።
የዘጠና ሰባቱ፣ ያ ግዙፍ ተከላካይ፣
ጸሎት ሲመራ ድምፁ የሚደርስ ሰማይ፣
የገበሬ ማኅበሩን ገንዘብ ይዞ ጠፋ።
የሁለት ሺህ አራቷ... ምኑን ላውራው በይፋ፤
እናቷን ባገኘሁ ቁጥር አንገቴን እደፋ።

ዘንድሮ የታዘዝኩት የአንዲት ሯጭ ስም፤
ማረን ሃልቨርሰን። አይቻት አላውቅም።
እጄ ግን ከጥቅምት ወዲህ አመል አውጥቷል፤
መርፌው ከመሥመሩ ሾልኮ ይወጣል።
ለሐኪም አልነገርኩ፣ ደብቄያለሁ ከሚስቴ፤
ብርድ ነው እላለሁ፣ ጓንት አጥልቄ ቤቴ።

ግብዣው ምድር ቤት ነው፣ ከጸሎት ቤቱ ሥር፤
ባቄላ በሥጋ፣ የቀረፋ ዳቦ በስኳር፣
የሚታጠፍ ወንበር፣ የሚጮህ ማይክሮፎን፣
ክራቫት ያነቀው ጎረምሳ በየጎን።
ፓስተር ኡልሪክ ስሟን ጠሩ።
ቀጭን ናት፣ ረጅም፣ ካልሲዋ የተለያየ፤
ልቤ ደስ ብሎት ነበር፣ ሥራዬን እስካየ።

ሃልቨሰን።
አንዷ ፊደል፣ «ር»፣ ናሱ ላይ የለችም።
መሬቱን አየሁት። አልዋጠችኝም።

እሷም አየች። ስታይ አየሁ። ጣቷ ፊደሉን ቆጠረ፣
ቅንድቧ ከፍ አለ፣ ከንፈሯ ሳቅ ሞከረ።
ቀና ስትል አገኘችኝ፣ በሩን ተደግፌ፣
ጓንቴን ረስቼ፣ የሚንቀጠቀጥ እጄን በእጄ አቅፌ።
ለምን ያህል ጊዜ ተያየን? ማን ያውቃል።
ሹካ ከሳህን ሲጋጭ ይሰማ ነበር፣ ሕፃን ያለቅሳል።

ሰሌዳውን ለካሜራው ደረቷ ላይ አነሣች፤
አውራ ጣቷን ግን ከክፍተቱ ላይ አሳረፈች።
«እጅሽን ዝቅ አድርጊው፣ ስምሽ ይታይ» አላት ባለ ካሜራው።
«እንዲህ ይመቸኛል» አለች። ጣቷ አልተነሣም ከስፍራው።
እንደዚያው ይዛው ወረደች፣ ሌላ ቃል አልጨመረች፤
ቀረፋውን ዳቦዋን ለወንድሟ አካፍላ ተቀመጠች።

ሰኞ ለሚስቴ ነገርኳት። አለቀሰች። ተቆጣች።
ማክሰኞ አዲሱን ስቀርጽ፣ ክንዴን ደግፋ ቆመች።
ይዤው ወደ መሮጫው ሄድኩ፤ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣
የልጆቹ ትንፋሽ ከራሳቸው ቀድሞ ይሮጣል።

«ውይ! ጉድለት ነበረው እንዴ?» አለች፣ ዓይኗን አፍጥጣ፤
የመልካም ጠባይ ተሸላሚዋ፣ ፊት ለፊቴ ውሸት አምጣ!
አሮጌውን ከቦርሳዋ አወጣችው፣ በፎጣ ጠቅልላ ይዛው ኖሯል፤
ፎጣው ላይ የጭቃ ዱካ አለ፣ ጠርዙም ተተልትሏል።
«እጅዎን ሐኪም አየልዎት?» ብላ፣ መልሴን ሳትጠብቅ፣
ፊሽካው ተነፋና ሄደች፣ ከሯጮቹ ልትደባለቅ።

ሐኪም አይቶታል። ስም ሰጥቶታል፣ ረጅም ስም፤
ያን አልቀርጸውም።

አሮጌው ሰሌዳ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከመርፌዎቼ ጋራ።
አንዳንዴ ማታ አውጥቼ፣ ያችን የጎደለች ስፍራ
በአውራ ጣቴ እሸፍናለሁ። መብራቱ ናሱ ላይ ይውላል፤
ከተቀረጸው ሁሉ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል፣ ሙሉ የሆነው ቃል
የመጀመሪያ ስሟ ነው። «ማረን» ይላል።